ክቡር ሚኒስትሩ በምሳው ላይ ይሰማሉ

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሰባተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ የያዙ ሦስት ሰዎች በመጋዘኖች ጎዳና ላይ ታዩ፤ ዘንጉን በጭቃው ውስጥ እየተከሉ፣ በሦስት እግር በቆመ መነጽር ውስጥ በአንድ ዓይናቸው እያጮለቁ፣ ከወንዙ ድልድይ እስከ አሮጌው የእህል ሚዛን ድረስ ሄደው በመጡበት ተመለሱ። ሰዎቹ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ጎዳናው ግን ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ሁሉን ዐውቆ ጨርሶ ነበር። የባቡር ሐዲድ ሊመጣ ነው፤ ሐዲዱም በዚሁ ጎዳና መካከል ያልፋል፤ ያለፈበትንም ያፈርሳል።

ጎዳናው በግራና በቀኝ የቆርቆሮ ክዳን ባላቸው የድንጋይ መጋዘኖች የታጠረ፣ ቀኑን ሙሉ የጋሪ መንኰራኩር የሚንኳኳበት፣ ጥሬ ቆዳና እርጥብ ጆንያ የሚሸትበት ነበር። ከመጋዘኖቹ ጀርባ የጡብ ሠሪዎች ሰፈር አለ፤ ከእቶኖቻቸው የሚወጣው ጭስ ከጧት እስከ ማታ ስለማይቋረጥ፣ ነጋዴዎቹ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ የሚያውቁት ጭሱን አይተው ነበር፤ ከዚህ በላይ ስለ ጡብ ሠሪዎቹ ለማወቅ የተቸገረ ነጋዴ አልነበረም።

በጎዳናው አጋማሽ ላይ የነጋዴዎች ማኅበር ባለ አንድ ፎቅ ቤት ቆሟል። ፎቁ አዳራሽ፣ ምድር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከጽሕፈት ቤቱ በስተኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎች ደግሞ የማኅበሩ ጸሐፊ በሹመቱ የሚኖርባቸው ነበሩ። ጸሐፊው ቀድሞ የሰዋስው መምህር የነበረ፣ ቀጠን ያለ፣ አንገተ ረጅም ሰው ሲሆን፣ ነጋዴዎቹ «ቁጥቡ» ይሉት ነበር። ስሙ የወጣለት በገንዘብ አይደለም፤ በቃል ነው። ትርፍ ቃል እንደ ትርፍ ጣት ያሳፍረዋል። አንድ ጊዜ የማኅበሩ አባል ሞቶ የኀዘን ደብዳቤ እንዲጽፍ ቢታዘዝ፣ በትልቅ ወረቀት መካከል «አዘንን» ብሎ ጽፎ ማኅተም አሳርፎ ላከ፤ ሚስቲቱም ወረቀቱን ገልብጣ ካየች በኋላ፣ «የቀረውስ መቼ ይመጣል?» ብላ ጠየቀች ይባላል።

ዘንግ የያዙት ሰዎች በታዩ በማግስቱ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ በጎዳናው አንደኛ የተባሉ የጨርቅ ጅምላ ነጋዴ፣ ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገቡ።

«ስማኝ ቁጥቡ፤ የዘንድሮው ምሳ እንደ አምናው በልተን፣ ጠጥተን፣ እርስ በርስ ተወዳድሰን የምንበተንበት አይደለም። የሥራ ሚኒስትሩን አምጥተህ ታናግርልኛለህ።»

«እኔ ክቡር ሚኒስትሩን ላናግር?»

«አንተማ ምን ቤት ነህና ታናግራቸዋለህ! ለእኛ ይናገሩልን ነው የምልህ። ሐዲዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ ከራሳቸው አፍ እንስማ።»

«አልመጣም ቢሉስ፣ ጌታዬ?»

«መምጣቱንስ ይመጣሉ፤ ምሳ ነው። መናገራቸውን ነው የምፈልገው።» ሊቀ መንበሩ አሁን ጃንጥላቸውን አጠፉ፤ ውኃው በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ተንጠባጠበ። «ካልተናገሩ ግን፣ የእኅቴ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ እቤት ተጎልቶብኛል። የእጅ ጽሕፈቱም ያምራል። ወንበሩንም ቤቱንም ለእሱ ታስረክባለህ። በእኔና ባንተ መካከል ቅያሜ የለም።»

«ኧረ ምን ቅያሜ አለ» አለ ጸሐፊው።

በጽሕፈት ቤቱና በመኖሪያው መካከል ያለው ግድግዳ ሳንቃ ነበርና፣ ሊቀ መንበሩ ገና ደጃፉን ሳይሻገሩ የጸሐፊው አማት ብቅ አሉ። እኚህ አማት ልጃቸውን ሲድሩ የራሳቸውን ቤት ለቀው ከሙሽሮቹ ጋር የገቡ፣ በመግባታቸውም አንድ ቀን ያልተጸጸቱ፣ አንድ ቀንም ያላመሰገኑ ሴት ነበሩ።

«ምን አለ ያ ቦርጫም?»

«ሚኒስትር ጋብዝ ነው ያሉኝ፣ እማማ።»

«ሌላውንም ሰምቻለሁ። እኔ አልጋዬን ተሸክሜ በዚህ ዕድሜዬ ወዴትም አልሄድ። ሰውዬው እንዲናገር አድርገው። ወንድ ልጅ ምሳ በልቶ ሳይናገር የሚቀረው ሲታመም ነው።»

በዚያ ዘመን ለሚኒስትር የሚጻፍ የግብዣ ደብዳቤ የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ከላይ ውዳሴ፣ ከመካከል ውዳሴ፣ ከታች ውዳሴ፣ ጉዳዩም በውዳሴው መካከል እንደ ጠፋ ቁልፍ እየተፈለገ የሚገኝ ነበር። ሊቀ መንበሩ ያስጻፉት ረቂቅም፣ «ክቡርነትዎ ውድ ጊዜዎን ሠውተው በዓመታዊ የምሳ ግብዣችን ላይ በመገኘት ስለ ባቡር ሐዲዱ ንግግር እንዲያሰሙን» እያለ ገጽ ይሞላ ነበር። ጸሐፊው ይህን ባነበበ ጊዜ ጥርሱን እንደ ታመመ ሰው ፊቱን አጨማደደ። ብዕሩን አንሥቶም መሰረዝ ጀመረ። «ውድ ጊዜዎን» ሄደ፤ «ሠውተው» ሄደ፤ «በመገኘት» ሄደ፤ ምሳ ላይ የሚሰማ ሰው ሳይገኝ እንዴት ይሰማል? በመጨረሻ የቀረው ይህ ነበር፦ «ክቡርነትዎ በማኅበራችን ዓመታዊ ምሳ ላይ እንዲሰሙ በትሕትና እንጠይቃለን።»

ሚስቱ በትከሻው በኩል አነበበችው።

«ንግግር የሚለውስ የታለ?»

«ሰው ምሳ ላይ ተሰማ ከተባለ በንግግር ነው። በምን ሊሰማ ነው፤ በዘፈን?»

«ስለ ሐዲዱስ?»

«በዚህ ጎዳና ሌላ ምን ወሬ አለ?»

«እኔስ አጠረብኝ» አለች።

«እሱ ነው ውበቱ።»

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ፊደላችን ብዙ ጸጋ ያለው ፊደል ነው፤ ሆኖም የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አያሳይም፤ ያንን ለአንባቢው ምላስና ለእግዚአብሔር ትቶታል። «እንዲሰሙ» የሚለው ቃል «ሰ» ጠብቆ ቢነበብ፣ ሚኒስትሩ ይናገሩና ሌላው ያዳምጣቸው ማለት ነው፤ ላልቶ ቢነበብ ግን፣ ሌላው ይናገርና ሚኒስትሩ ያዳምጡ ማለት ነው። ጸሐፊው አጥብቆ ጻፈው፤ ቀለም ግን አይጠብቅም።

ደብዳቤው በሥራ ሚኒስቴር የደረሰው ለጽሕፈት ቤቱ ሹም ነበር፤ እኚህ ሹም በጌታቸው ስም የሚመጣውን ሁሉ ከፍተው የሚያነቡ፣ ዘወትር ጥቁር ኮት የሚለብሱ፣ ከመሳቅ መታመም የሚቀላቸው ሰው ነበሩ። ሹሙ አላልተው አነበቡት። ሊፈረድባቸውም አይገባም፤ በሹመት በቆዩበት ዘመን ሁሉ ጌታቸውን የጠራ ሰው አቤት ሊል እንጂ ሊያዳምጥ ጠርቶ አያውቅም፤ ደግሞም በዚያው ሰሞን ሹማምንት ወርደው የሕዝቡን ድምፅ እንዲሰሙ የሚያዝ ቃል ከላይ ተላልፎ ነበርና፣ «እነሆ ሕዝብ» ብለው ደስ አላቸው። ወዲያውም የእጅ መዘውሩን አዙረው በስልክ ጸሐፊውን አስጠሩት።

ጸሐፊው በቀጠሮው ቀን ጫማውን ወልውሎ በሹሙ ፊት ቀረበ።

«ክቡርነታቸው ተቀብለዋል» አሉ ሹሙ። «ጊዜው ምን ያህል ይሆናል?»

«እሱማ እንደ ክቡርነታቸው ፈቃድ ነው።»

«የለም፣ እንደ ተናጋሪው ነው እንጂ።»

ጸሐፊው ይህን እንደ ትልቅ ትሕትና ቆጥሮ እጅ ነሣ። «ክንድ የሚያርፍበት የእንጨት መቆሚያ እያሠራን ነው።»

«መልካም። ብቻ ተናጋሪው ከክቡርነታቸው ራስ በላይ ከፍ ብሎ እንዳይታይ። ነውር ነው።»

ጸሐፊው ዓይኑን አርገበገበ። «ከራሳቸው በላይ?»

«ከራሳቸው በላይ። ጽሑፍስ ይኖራል?»

«ቢኖር ደስ ይለናል፤ በቃል ከሆነም ይበልጥ ያምራል።»

«በቃል ከሆነ አጭር ይሁን፤ ስድብና ልቅሶም አይግባበት።»

«ስድብ!» አለ ጸሐፊው ደንግጦ።

«ስንቱን ሰምተን ነው» አሉ ሹሙ፤ መዝገባቸውንም ዘጉ።

ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ፣ አንድ ሰው ከገዛ ራሱ በላይ ከፍ ብሎ ሊቆም የሚችልበትን መንገድ ሲያሰላስል ሄደ። በመጨረሻ ምሥጢሩን ለአናጢው አስተላለፈና፣ አናጢው የመቆሚያውን እግር በመጋዝ አሳጠረው፤ መቆሚያውም ለሕፃን የተሠራ ይመስል ከወገብ በታች ቀረ።

«ሚኒስትሩ ድንክ ናቸው እንዴ?» አለ አናጢው።

«ትሑት ናቸው» አለ ጸሐፊው።

ምሳው ሐሙስ ቀን ነበር። የፎቁ አዳራሽ ታጥቦ፣ መጋረጃው ተራግፎ፣ ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ነጭ ልብስ ለብሰው፣ የጎዳናው ነጋዴ ሁሉ የክት ኮቱን ደርቦ ተሰየመ። ከበሩ አጠገብ የጋዜጣው ዘጋቢ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ቆሟል። ሚኒስትሩ በጥቁር ኦቶሞቢል ደረሱ፤ አጠር ብለው ወፈር ያሉ፣ በዚያው ሳምንት በየድልድዩና በየምረቃው ሲናገሩ ሰንብተው ድምፃቸው የሻከረ ሰው ነበሩ፤ ከኦቶሞቢሉ ሲወርዱም ለሹማቸው፣ «ተመስገን፤ ዛሬ እንኳ አፌ ይረፍ» ሲሉ ተሰምተዋል።

ሾርባው ቀርቦ ገና ሁለተኛ ማንኪያ ሳይነሣ፣ ሹሙ ከጸሐፊው ጆሮ አጠገብ ጎንበስ አሉ።

«ስንት ናቸው አቤት የሚሉት?»

«አቤት የሚሉት?» አለ ጸሐፊው።

«ተናጋሪዎቹ ናቸዋ። ክቡርነታቸው ከሰዓት በኋላ ሥራ አለባቸው።»

«ተናጋሪው... ክቡርነታቸው አይደሉም እንዴ?»

ሹሙ ከኮታቸው ኪስ ደብዳቤውን አወጡ፤ ጣታቸውን ከቃሉ ሥር አድርገውም አነበቡለት፤ ላልቶ፣ ልስልስ ብሎ፣ እንደ ውኃ እየፈሰሰ። «ይኸው የእጅህ ጽሕፈት። ክቡርነታቸው አንዲት ቃል ጽፈው አልመጡም።»

ከማዶ ሊቀ መንበሩ በአገጫቸው «ጀምር» ይሉታል። መርሐ ግብሩን የሚያነብ እሱ ነው፤ የሚቀጥለው ተራ ላይም ያቺው ቃል ተጽፋለች፤ እንዴት አድርጎ እንደሚጠራት ግን በዚያች ሰዓት በአዳራሹ ውስጥ ከእሱ በቀር የሚወስን አልነበረም። አጥብቆ ቢያነባት ሚኒስትሩ ባዶ እጃቸውን ይነሣሉ፤ በሕዝብ ፊት ይንተባተባሉ፤ ሚኒስትር ያፈረበትን ጎዳና ደግሞ አይምርም፤ ነገ ሐዲዱ በአዳራሹ መካከል ያልፋል። አላልቶ ቢያነባት ሊቀ መንበሩ የሚሹትን አይሰሙም፤ ቅዳሜ ሳይደርስ አማቱ አልጋቸውን ተሸክመው ጎዳና ላይ ናቸው። በአንደኛው ሁሉም ቤት ይፈርሳል፤ በሁለተኛው የእሱ ብቻ ነው የሚሄደው። ተነሣ።

«አሁን ክቡር ሚኒስትሩ» አለ፤ «ይሰማሉ።»

አላላው።

ሊቀ መንበሩ የተሳሳተ መስሏቸው ከተቀመጡበት አረሙት። «ይሰማሉ!» አሉ ጠበቅ አድርገው።

«አዎን ጌታዬ፤ ይሰማሉ» አለ ጸሐፊው አሁንም አላልቶ።

«ይስ-ሰማሉ!»

«ይሰማሉ።»

ሚኒስትሩ ከሁለቱ አንዱን ከሌላው ለመለየት አልደከሙም፤ የአፍ መጥረጊያቸውን አስቀምጠው፣ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ እጃቸውን ከሆዳቸው ላይ አሳረፉ። «እየሰማሁ ነው» አሉ በሻከረ ድምፃቸው። «ቀጥሉ።»

ነጋዴዎቹ ለማዳመጥ ተዘጋጅተው የመጡ ስለ ነበሩ አፋቸው በሾርባ ተሞልቶ ነበር። በመጨረሻ የቆዳ ነጋዴው ብድግ አሉ፤ ወደ አጭሩ መቆሚያ ሄደው በላዩ ሊደገፉ ቢሞክሩ ስላጠረባቸው ትተውት ቆሙ።

«ክቡርነትዎ፣ እኔ መናገር አላውቅበትም። ግን ሐዲዱ በደጃችን ካለፈ ቆዳዬን የት ላስጣው?»

«ድሮስ መች ቦታ መርጠህ ታውቃለህ!» አለ ብረት ሻጩ ከወዲያ ጥግ። «አፍንጫችን ላይ አይደል ስታሰጣ የኖርከው! ክቡርነትዎ፣ ሐዲዱ ይምጣ። ሐዲድ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ከእኔ ዘንድ አለ።»

«አንተ ሰው፤ ጎዳናችን አይነካ ብለህ ከእኛ ጋር አልፈረምክም?»

«የፈረምኩት የእኔ መጋዘን እንዳይነካ ነው። ያንተማ ከፈረሰ አየሩ ይጠራል።»

«ከአባትህ የወረስከው አፍ ነው፤ እሱም ሲሞት ዕዳውን እንጂ አፉን አልቀበሩለትም!»

ሳቁና ጩኸቱ ተደባለቀ። አንዱ ሲነሣ ሌላው እየጎተተ ያስቀምጠው ጀመር፤ በሸንጎ አንድ ልብ ነን ብለው የማሉት ሰዎች፣ ሐዲዱ በጎረቤታቸው እልፍኝ እንዲያልፍ አንድ በአንድ ለመንግሥት ሲማፀኑ ዋሉ። ሚኒስትሩ አንዱንም አላቋረጡም። ሥጋው መጣ፤ ሚኒስትሩ እየበሉ አዳመጡ። በስተመጨረሻ ጎዳናው «እትዬ ሳሙና» የሚላቸው የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት፣ ከነጋዴዎቹ መካከል ብቸኛዋ ሴት፣ ሳይነሡ ተናገሩ።

«ክቡርነትዎ፣ እነዚህ ሲጣሉ ቢያድሩ አይሰለቻቸውም። ከመጋዘኖቻችን ጀርባ ሰፊ ቦታ አለ። በዚያ ቢያልፍ እኛም አንነካ፣ ባቡሩም አይቀርብን።»

ሚኒስትሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «ከጀርባ ምን አለ?»

«ጭስ» አሉ እትዬ ሳሙና።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ብረት ሻጩና የቆዳ ነጋዴውም ተቃቅፈው ሳቁ። ሚኒስትሩ እጃቸውን ጠርገው ተነሡ፤ «ሰምቻለሁ» አሉና፣ ኮፍያቸውን ተቀብለው ወረዱ።

የኦቶሞቢሉ ድምፅ ከጎዳናው ሳይጠፋ ሊቀ መንበሩ ጸሐፊውን ከደረጃው ሥር ያዙት።

«ምን ብዬህ ነበር?»

«ካልተናገሩ ብለው ነበር፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ተናገሩ?»

«'ሰምቻለሁ' ብለዋል።»

«እሱ ንግግር ነው?»

«አጭር ንግግር ነው።»

«እስከ ቅዳሜ ቤቱን ልቀቅ» አሉ ሊቀ መንበሩ።

ጸሐፊው ወደ ጓዳው ሲገባ አማቱ ፍራሻቸውን በገመድ እያሰሩ ነበር፤ ሳንቃው እንደ ተለመደው ነግሯቸዋል። «አታግዘኝ» አሉት። «እጅህ ያሳጥረዋል።» ሚስቱ ሳህኖቹን በጨርቅ እየጠቀለለች በሣጥን ትከታለች፤ አላለቀሰችም፤ ቀና ብላም አላየችው። በዚህ መካከል ነበር የጋዜጣው ዘጋቢ ሳያንኳኳ የገባው።

«ጸሐፊ ሆይ፣ ንግግሩን ስጠኝ። ማተሚያ ቤቱ የፊት ገጹን ክፍት አድርጎ እየጠበቀኝ ነው።»

«አዳራሽ ውስጥ አልነበርክም? ንግግር አልተደረገም እኮ።»

«መኖሩንስ ነበርኩ። ታዲያ ሚኒስትሩ ነጋዴ ሲሰዳደብ እያዩ ሥጋ በልተው ሄዱ ብዬ ልጻፍ? እኔም ልጆች አሉኝ።»

ጸሐፊው ሊመልስ ሲል የጽሕፈት ቤቱ ስልክ ጮኸ። የሚኒስቴሩ ሹም ነበሩ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ደረቅ ነበር። «ሚኒስትር በምሳ ላይ ተገኝቶ ሳይናገር የቀረበት ጊዜ የለም» አሉ። «ክቡርነታቸውም ዛሬ ምን እንደ ተናገሩ በነገው ጋዜጣ ለማንበብ ጓጉተዋል። ቅጂው ከመታተሙ በፊት ይድረሰኝ።»

ጸሐፊው ስልኩን ሰቀለ። ሊቀ መንበሩ ጋዜጣ ከሌሊት ሕልማቸው ይልቅ የሚያምኑ ሰው መሆናቸውን ያውቃል፤ በጋዜጣ ላይ ሚኒስትሩ ከተናገሩ ተናገሩ ማለት ነው፤ ከተናገሩ ደግሞ ቤቱ አይለቀቅም። ወረቀት ሳበ። ዘጋቢው ከጠረጴዛው ጥግ ተቀመጠ፤ አማቱም ገመዱን ሳይለቁ ከበሩ ቆሙ።

«ረዘም አድርገው» አሉት። «ሰውዬው ሚኒስትር ነው፤ እንዳንተ አይደለም።»

ረዘም አድርጎ ጻፈው። ቁጥቡ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ውዳሴ በውዳሴ ላይ ደረበ፤ ንግድን የአገር ደም ሥር አለው፤ ባቡርን የዘመን ፈረስ አለው፤ የነጋዴዎቹንም ጠብ «ብርቱ የሐሳብ ልውውጥ» ብሎ አጥቦ አወጣው። ከሁሉ በኋላ ሰው ሁሉ ወደሚጠብቃት ዐረፍተ ነገር ደረሰ። ብዕሩን ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ አቆየውና ጻፈ፦ «ሐዲዱም ጎዳናችሁን ሳይነካ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ላይ ያልፋል።»

ሚስቱ እንደ ልማዷ በትከሻው በኩል ታነብ ነበር።

«ባዶ?» አለች።

«ምን ሆነ?»

«ጡብ ሠሪዎቹስ?»

በመስኮቱ በኩል ጭሱ ይታያል፤ በዚያን ቀን ነፋስ አልነበረምና ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ጸሐፊው አየው። «እነሱን ካስገባሁ» አለ፣ «ከዚያ ስንቱን ማብራራት ሊመጣ ነው። አንድ ቃል ይበቃል።»

ሚስቱ ከሣጥኑ አጠገብ ተንበርክካ የጠቀለለቻቸውን ሳህኖች አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች።

ቅጂው ለሹሙ ደረሰ፤ ከሹሙም ለሚኒስትሩ። ሚኒስትሩ የተናገሩትን ንግግር ባነበቡ ጊዜ እጅግ ወደዱት፤ አንዲትም ቃል አልሰረዙም፤ ብቻ በሦስት ቦታ በገዛ እጃቸው «ረጅም ጭብጨባ» ብለው ጨመሩበት። ከሦስቱ ጭብጨባዎች አንዱ የዋለው በዚያች በባዶው መሬት ዐረፍተ ነገር ላይ ነበር፤ ይህን ያህል የተጨበጨበለትን ቃል ደግሞ ሚኒስትር ሊያጥፈው አይችልምና፣ ዘንግ የያዙት ሰዎች በሚከተለው ሳምንት ወደ መጋዘኖቹ ጀርባ ተላኩ። ሊቀ መንበሩ ጋዜጣውን ቁመው አነበቡ፤ ተቀምጠው ደገሙት፤ ከዚያም ጸሐፊውን ጠርተው፣ «ለካ እኔ ሾርባው ላይ ሆኜ አልሰማኋቸውም» አሉት። የእኅታቸው ልጅ በጨርቁ መደብር ሜትር ያዘ። አማቲቱ ፍራሻቸውን ከገመዱ ፈቱ።

ጡብ ሠሪዎቹ የወጡት በጋው ሲገባ ነው። በመጋዘኖች ጎዳና በኩል ካልሆነ ሌላ መውጫ ስላልነበራቸው፣ በሩን ከነመቃኑ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ዶሮውን በክንፉ አንጠልጥለው፣ ሕፃናቱን በጡብ መግፊያ ጋሪ ላይ አስቀምጠው፣ ቀኑን ሙሉ በጸሐፊው መስኮት ሥር ሲያልፉ ዋሉ። አማቱ ከመስኮቱ አልተለዩም።

«ይህ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?» አሉ በመጨረሻ።

«ከባዶው መሬት» አለች ልጃቸው።

ጸሐፊው በጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ቀና አላለም። በዚያን ቀን ለማኅበሩ ሦስት ደብዳቤዎች መጻፍ ነበረበት፤ ሦስቱንም ሳይጽፍ መሸ።

ሐዲዱ ተዘረጋ፤ ባቡሩም መጣ። ንግግሩ በተማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ገባ፤ «ባቡር የዘመን ፈረስ ነው» የሚለው ቃልም በአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች አፍ እስኪሰለች ተደገመ። በምሳው ላይ ከነበሩት ነጋዴዎች ዕድሜ የሰጣቸው፣ የባቡሩ ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር ተጠይቀው፣ ሚኒስትሩ በምን ዓይነት ድምፅ እንደ ተናገሩ፣ የትኛውን እጃቸውን እንዳነሡ፣ እነሱም መቼ እንዳጨበጨቡ አንድ በአንድ መሰከሩ፤ የዋሸም አልነበረም፤ ሁሉም እንደ ሰማ ያምን ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎችም ይህን ሁሉ በትጋት መዘገቡ፤ ሐዲዱ ከጎዳናው ለምን እንደ ራቀ ሲያስረዱ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ የነበረው መሬት ባዶ ስለ ነበር ነው ብለው ጻፉ፤ ማስረጃቸውም የሚኒስትሩ ንግግር ነው። አንድ ባለሥልጣን ምሳውን ሙሉ አፉን ዘግቶ ያዳመጠበት ቀን መኖሩን ግን የጻፈ የለም፤ ቢጽፍም እንኳ የተደመጡት ለምሳው የተጠሩት ብቻ ነበሩ።

የባቡር ጣቢያው የተሠራው እቶኖቹ በነበሩበት ቦታ ላይ ነው። ሰፈርተኞቹ ሲወጡ ሊሸከሙት ያልቻሉት ክምር ብዙ ነበርና፣ ሥራ ተቋራጩ ሌላ መግዛት አላስፈለገውም፤ የጣቢያው ግድግዳ እስከ ጣራው ድረስ ጡብ ነው።